በቆላ ጎዳና ጠላን በፕላስቲክ ዕቃ ስለ መያዝና ስለ ማጓጓዝ

 የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚመለከተው፣ በዓል በደረሰ ቁጥር ከደጋው አገር ወደ አዋሽ ሰባትና ወደ ሠመራ በሚወርደው ታላቅ ጎዳና በጄሪካንና በሃይላንድ ተሞልቶ የሚጓዘውን የቤት ጠላ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ተራ ቢመስልም፣ በአንዲት ጠርሙስ ጠላ ውስጥ የሙቀትና የግፊት፣ የእርሾና የአየር ሕግ ሁሉ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ ይህን ሕግ ያላወቀ ሰው የደከመበትን መጠጥ በመናኸሪያው መሬት ላይ ሲያፈስ፣ ወይም ለእንግዳ ባቀረበው ዋንጫ ኮምጣጤ ሲያስጎነጭ ይታያልና፣ ምክንያቱን ከሥሩ ጀምረን መመርመር የተገባ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የምድር ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ በመካከሉ ባሉት ጣቢያዎች ጸሐፊውም፣ መካኒኩም፣ ነጋዴውም ከየአገሩ ተጠራቅሞ ጎጆ ቀለሰ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ በአሚባራና በዱብቲ፣ በተንዳሆም የተስፋፋው የጥጥ እርሻ ብዙ ደገኛ ሠራተኛ ወደ ቆላው አወረደ፤ በመጨረሻም የአፋር ክልል መንግሥት መቀመጫ ከአሳይታ ተነሥቶ በጎዳናው ዳር ወደ ተቈረቈረችው ወደ ሠመራ ሲዛወርና ዩኒቨርሲቲም ሲከፈትባት፣ መምህሩና ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛውና ሾፌሩ በዚያው ሰፈረ። ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ልማዱን ትቶ አይሄድምና፣ የማኅበሩ ጽዋና የሰንበቴው ጠላም አብሮት ወረደ። የአገሩ ባለቤት የሆነው የአፋር ሕዝብ ግን የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ እንደ መሆኑ መጠን የሚያሰክር መጠጥ በሃይማኖቱ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ይህ ንግግራችን መጠጥን ለማወደስ የታሰበ አለመሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። እንዲያውም በኋላ እንደምናየው፣ ጠላ በቤቱ የማይገባ ቤተ ሰብ እንኳ ከዚህ ትምህርት የሚያገኘው ጥቅም አለ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለጠላ የመረጡት ዕቃ ጋን ነበረ፤ ምርጫውም በድንገት የተገኘ አልነበረም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል፤ ይህም ሽታውን ከማሳመሩ በላይ በሸክላው ቀዳዳ ተሸሽገው የሚቀሩትን መጠጥ አበላሽ ረቂቃን ሕዋሳት ያዳክማል። ሸክላው በባሕርዩ ውሃን በጥቂቱ ወደ ውጭ ስለሚያዥ፣ ያ ርጥበት በነፋስ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳልና በውስጡ ያለው መጠጥ ከአካባቢው አየር ይልቅ ቀዝቅዞ ይኖራል። የአፋር እናቶችም የወተት ዕቃቸውን በጢስ ማጠናቸው ከዚሁ አንድ ጥበብ የተገኘ ነው፤ ደጋውና ቆላው በቋንቋና በሃይማኖት ቢለያይም፣ ዕቃን በጢስ ማንጻትን በየፊናው ዐውቆታል።

መንገደኛው ግን ጋን ተሸክሞ አይጓዝም። ለመንገድ የሚሆነው ቅል ወይም አቁማዳ ነበረ። ስለ አቁማዳ ሲነሣ፣ ጌታችን በወንጌል አዲስ የወይን ጠጅ ባረጀ አቁማዳ ስለሚያኖር ሰው የተናገረውን ምሳሌ የማያስታውስ ምእመን የለም። የምሳሌው መንፈሳዊ ትርጓሜ ለሊቃውንቱ የተተወ ሆኖ፣ ምሳሌው የቆመበት ሥጋዊ እውነት ግን ለዛሬው ጉዳያችን መሠረት ነው፤ ይኸውም መፍላቱን ያልጨረሰ መጠጥ በውስጡ ኀይል እንዳለውና፣ ያንን ኀይል ችሎ የማይለጠጥ ዕቃ እንደሚቀደድ ነው።

ይህ ኀይል ከወዴት ይመጣል? በብቅሉ ውስጥ ያለው ስኳር በእርሾ ሲበላ ለሁለት ይከፈላል፤ እኩሌታው ያህል አልኮል ይሆናል፤ የቀረው እኩሌታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጥንስሱ ሲፈላ ከላይ የሚታየው አረፋ ይህ ጋዝ ነው። በአንድ ሊትር ጠላ ውስጥ 10 ግራም ስኳር፣ ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚያህል ብቻ፣ ሳይፈላ ቀርቶ ጠርሙሱ ቢታሸግ፣ ያ ስኳር ከጊዜ በኋላ ሁለት ሊትር ተኩል የሚያህል ጋዝ ይወልዳል። መውጫ የሌለው ይህ ጋዝ ከፊሉ በመጠጡ ውስጥ ይሟሟል፤ የተረፈው ከክዳኑ ሥር በቀረችው ጥቂት ባዶ ስፍራ ተጨንቆ ጠርሙሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጉሽ ጠላ፣ ገና ድፍድፉ ያልረጋውና ያልጠራው፣ በታሸገ ዕቃ እንዳይጓዝ የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ለደጋም ለቆላም አንድ ነው። የቆላውን ጎዳና ልዩ የሚያደርገው ግን ሐሩሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አዋሽ ሰባት አንድ ሺህ ሜትር በሚጠጋ፣ ሠመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች በሆነ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በሠመራም በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ሙቀት ለጠላው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ያንቀላፋውን እርሾ ቀስቅሶ የቀረውን ስኳር በፍጥነት ያስበላዋል። ሁለተኛ፣ ፈሳሽ ሲሞቅ ጋዝን የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል፤ አንድ ሊትር ውሃ በተራ የአየር ግፊት በ0 ዲግሪ አንድ ሊትር ከሰባት ዐሥረኛ፣ በ20 ዲግሪ ዘጠኝ ዐሥረኛ ሊትር ያህል፣ በ40 ዲግሪ ግን ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። እንግዲህ በደጋው ቅዝቃዜ በመጠጡ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ጋዝ በቆላው ሙቀት ተገፍቶ ይወጣል፤ ጠርሙሱ ያው፣ ጠላውም ያው ሆኖ ሳለ፣ ግፊቱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሆናል። ከላይ የጠቀስናት ያች ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ብትፈላ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት የምታስነሣው ግፊት በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው እጥፍ ያህል ነው።

ምናልባት ከአድማጮቻችን አንዱ፣ በአዲስ አበባ ውሃ ጠጥቶ በክዳኑ የዘጋው ባዶ ሃይላንድ አዋሽ ሲደርስ ተጨማዶ እንዳገኘው አስታውሶ፣ «ቁልቁል መውረድ ጠርሙስን ያጨማድዳል እንጂ አያሳብጥም» ሊለን ይችላል። የታዘበው እውነት ነው፤ ወደ ቆላ በወረድን መጠን ከውጭ የሚጫነው አየር ስለሚከብድ፣ ባዶው ጠርሙስ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል። ነገር ግን ይህ የውጭ ጭነት ከደጋው እስከ ሠመራ ቢጠራቀም ከአንድ የአየር ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ የሚፈላው ጠላ በውስጥ የሚያስነሣው ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። በመልሱ ጉዞ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በሠመራ የታሸገ ጠርሙስ ወደ ደጋ ሲወጣ የውጭው ጭነት ስለሚቀልለት የማበጥ ዝንባሌው ይጨምራል።

አሁን ወደ ዕቃው ወደ ራሱ እንመለስ። በገበያ የምናየው ጥርት ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፔት የተሠራ ነው፤ ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ሲያገኙት ለልብስ ክር እንዲሆን አስበውት ነበር፤ ናትናኤል ዋይዝ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ግፊት የሚችል ጠርሙስ አድርጎ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1973 የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። እዚህ ላይ በብርቱ መለየት የሚገባው፣ የፔት ጠርሙስ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። የውሃው ሃይላንድ ግፊት ለሌለው ነገር ስለ ተሠራ ግድግዳው ስስ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይንኳኳል። የለስላሳ መጠጡ ጠርሙስ ግን ወፍራም ነው፤ ከሥሩም አምስት እግር ያለው ሆኖ የሚሠራው ለጌጥ ሳይሆን የጋዙን ግፊት አከፋፍሎ እንዲሸከም ነው። ስለዚህ ለጠላ የሚሆነው ከሁለቱ የለስላሳው ጠርሙስ ነው። ጄሪካኑ ደግሞ ከሌላ ዐይነት ፕላስቲክ የተሠራና ለግፊት ጨርሶ ያልታሰበ ስለ ሆነ፣ ክዳኑ ጠብቆ ከታሰረ ሆዱ ይነፋና በክዳኑ ጥርስ በኩል ጠላውን ይተፋዋል።

ፕላስቲክ ምስጋናም የሚገባው ነገር አለው። ቀላል ነው፤ በፖርቶመጋላ ላይ ሲንገላታ አይሰበርም፤ ከሁሉም በላይ የመስታወት ጠርሙስ ሳያስጠነቅቅ ሲፈነዳ ስባሪው ዐይን የሚያጠፋ ሲሆን፣ የፔት ጠርሙስ ግን አስቀድሞ በመጠንከርና በማበጥ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ይህን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ቀላል ነው። ጠርሙሱን በመዳፍ ጨበጥ ማድረግ ነው፤ እሺ ብሎ ከገባ ደኅና ነው፤ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ግን ወደ ጥላ ወስዶ፣ አቀዝቅዞ፣ ፊትን ዘወር አድርጎ፣ ክዳኑን በጣም ቀስ እያሉ ማላላትና ጋዙን ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ትኩስ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ የተከፈተ እንደ ሆነ ጠላው በአረፋ ተገፍቶ ግማሹ ይፈስሳል።

ጉድለቱስ? ፕላስቲክ ዐይን የማያየው ቀዳዳ ስላለው፣ ጋዙ ቀስ እያለ ወደ ውጭ፣ የውጭው አየርም ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጄሪካኑ ከፔት ይልቅ በዚህ ይብሳል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፉ የመጠጥ መበላሸት የጥቃቅን ሕዋሳት ሥራ መሆኑን በሰፊው አስረድቷል፤ ከእነዚህም አንዱ ወገን አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው ሲሆን፣ ይህን ሥራውን ለመፈጸም አየር ያስፈልገዋል። አየርና ሙቀት በአንድነት በተገኙበት ስፍራ ሥራው ይፋጠናል። በደጋ በደንብ ተመርጎ በጋን የተቀመጠ ጠላ ቀናትን ሲሻገር፣ ያው ጠላ በግማሽ በጎደለ ጄሪካን በአዋሽ ሙቀት ያደረ እንደ ሆነ በማግስቱ ምላስ የሚቆነጥጠው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ፕላስቲክ መጠጥን ከስፍራ ወደ ስፍራ ለማድረስ እንጂ ለማቆየት የሚሆን ዕቃ አይደለም፤ የዛሬው ትምህርታችን ሁሉ የሚጠቃለለው በዚህ ፍርድ ነው።

ከዕቃው ምርጫ ሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የዕቃውን የቀድሞ ሥራ ማወቅ ነው። በጥጥ እርሻ አካባቢ የፀረ ተባይ መድኀኒት የመጣበት ጄሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ መርዙን በግድግዳው ውስጥ መጥጦ ያስቀረዋልና ኋላ ቀስ በቀስ ለመጠጡ ይመልስለታል። የናፍጣ፣ የፈሳሽ ሳሙናና የባትሪ ውሃ ዕቃም እንዲሁ ነው። የምግብ ዘይት ጄሪካን መርዝ ባይኖርበትም፣ የዘይቱ ቅሪት ተበላሽቶ ጠላውን የቅባት ሽታ ስለሚሰጠው ባይመረጥ ይሻላል። ምን ተይዞበት እንደ ነበረ የማይታወቅ ዕቃ ደግሞ መርዝ እንደ ተያዘበት ተቈጥሮ ሊተው ይገባል።

ስለ አጠባው፣ ብዙ ሰው በጠባብ አፍ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውሃ ጨምሮ ይነቀንቃል። ይህ ለመስታወት ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ፕላስቲክን ግን ይቧጭረዋል፤ በጭረቱም ውስጥ የአተላ ቅሪትና ረቂቃኑ ሕዋሳት ተሸሽገው ይቀራሉ። የፈላ ውሃም አይደረግበትም፤ ፔት በ70 ዲግሪ ገደማ መለስለስ ስለሚጀምር ጠርሙሱ ይኮማተራል፤ እንደ ጋንም በጢስ አይታጠንም። የሚገባው፣ ጠላው እንደ ተቀዳ ወዲያውኑ፣ አተላው ሳይደርቅ፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጦ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ በመጨረሻም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሞ አለቅልቆ በጥላ ደፍቶ ማድረቅ ነው። የተቧጨረ፣ የደበዘዘ ወይም ሽታ የያዘ ጠርሙስ ይጣል።

አሁን ጠላው በእናታችን ቤት ደርሷል፤ ልጅዋም ለማኅበር ወይም ለበዓል ወደ ሠመራ ሊወስደው ነው እንበል። እናቲቱ መጀመሪያ መፍላቱ መቆሙን ታረጋግጣለች፤ አረፋው ከጠፋ፣ አተላው ወደ ሥር ከወረደ፣ ጣፋጭነቱም ለምሬቱ ስፍራ ከለቀቀ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ጋኑን ሳታናውጥ ከላይ ከላይ ትቀዳለች፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ታጠልላለች፤ እርሾው የሚኖረው በአተላው ውስጥ ነውና በደንብ የተጣራ ጠላ በመንገድ የማመፅ ኀይሉ ያነሰ ነው። ሲሞላም ከዐሥር እጅ አንዱን እጅ ባዶ ትተዋለች፤ ቀጥላም ክዳኑን ከመግጠሟ በፊት ጠርሙሱን ጨበጥ አድርጋ አየሩን ታስወጣለች፤ እንዲህ ከሆነ የሚያኮመጥጠው አየር ይቀንሳል፤ ጋዝ ቢነሣም የተጨበጠው ስፍራ ይቀበለዋል። ትልቁን ጄሪካን ከማስያዝ ይልቅ በትንንሽ የለስላሳ ጠርሙሶች መከፋፈሉ ይበልጣል፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው እንደ ተዘጋ ይቆያልና።

የጉዞው ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ ቢሆን መልካም ነው። ከአዲስ አበባ ሠመራ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ስለ ሆነ፣ ቀኑ ከገፋ ጠርሙሱ የገዋኔንና የሚሌን ሐሩር ሳይቀምስ አያልፍም። በፖርቶመጋላ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ በዝግ መኪና ውስጥም በቆመበት ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ፕላስቲኩም በዚህ ዐይነት ሙቀት ከተሠራበት ንጥረ ነገር ጥቂት ጥቂት ወደ መጠጡ የመልቀቁ ነገር ይጨምራል። ስለዚህ ጠርሙሶቹ ቆመው፣ በውሃ በተነከረ ጆንያ ተጠቅልለው፣ ነፋስ በሚያገኛቸው ጥላ ይቀመጡ፤ የቆላው አየር ደረቅ በመሆኑ ርጥቡ ጆንያ በፍጥነት ይተናል፤ በዚህም ጋኑ በላቡ ይሰጥ የነበረው ቅዝቃዜ በከፊል ይተካል። በየማረፊያው ጆንያውን ማርጠብና ጠርሙሱን ጨብጦ መመርመር አይረሳ። እንደ ደረሱም ማቀዝቀዣ ያለው ወደ ማቀዝቀዣ ያስገባው፤ የሌለው በማግስቱ ይጨርሰው እንጂ ለሳምንት አያቆየው።

ጠላ በቤቱ የማይገባ ቤተ ሰብም ይጠቀማል ያልነውን አሁን እንፈጽም። ቀሪቦና ብርዝ አልኮል የሌላቸው ተብለው በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ይጠጣሉ። ነገር ግን ሁለቱም ስኳር የሞላባቸው ስለ ሆኑ፣ በእህሉ፣ በማሩ ወይም በዕቃው የተገኘ እርሾ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ከሙቀት ጋር ሲገናኝ መፍላት ይጀምራል፤ በግፊት ረገድም ከደረሰ ጠላ ይልቅ የሚያሰጉት እነርሱ ናቸው። ከዘንባባ ዛፍ የሚቀዳው ጣፋጭ ፈሳሽም እንዲሁ በተቀዳበት ቀን መፍላት የሚጀምር ነው። ጠርሙሱ ከጠነከረ፣ ሲከፈትም ከተንሸከሸከ፣ በውስጡ አልኮል መወለዱን ያስታውቃል፤ ሃይማኖቱ ለሚከለክለው ሰው ይህ ምልክት ከፍንዳታው የበለጠ ቁም ነገር ነው። ስለዚህ ቀሪቦና ብርዝ ቀዝቅዘው ይያዙ፤ በተዘጋጁበትም ቀን ይጠጡ።

አረቄን በተመለከተ ቃላችን አጭር ነው፤ በፕላስቲክ አይያዝ። ብርቱ አልኮል ከፕላስቲኩ ውስጥ ንጥረ ነገር የማውጣት ኀይሉ ከጠላ ይልቅ ይበረታል፤ እሳትም ይቀበላል፤ ከዚህም በላይ በሃይላንድ የተሞላ አረቄ ከውሃ ተለይቶ ስለማይታወቅ፣ በሐሩር የጠማው ሕፃን አንሥቶ ሊጠጣው ይችላል። በማናቸውም መጠጥ የተሞላ የውሃ ጠርሙስ ሁሉ በግልጽ ጽሑፍ ምልክት ይደረግበት። መሪ የያዘ ሰው ደግሞ ጠርሙሱን ለባለቤቱ ያድርስ እንጂ አይቅመስ፤ ይህ ጎዳና የከባድ መኪና ጎዳና ነውና።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ለመጪው በዓል ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሠመራ ጠላ የምትልኩ ሁሉ ዛሬውኑ ጄሪካኑን መርምሩ፤ የቀድሞ ሥራውን ካላወቃችሁት ተዉት። የደረሰውንና የተጣራውን ብቻ፣ በወፍራም የለስላሳ ጠርሙስ፣ ዐሥረኛውን እጅ አጉድላችሁ፣ በጥላና በርጥብ ጆንያ ላኩት፤ ተቀባዩም በደረሰ ማግስት እንዲጨርሰው ንገሩት።